በክብሪት ቀፎ የተላከ ቤት

ጥፋቱ የስልኬ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ላጥብ ብዬ፣ ልጄ እንዳትረብሸኝ ስልኬን ሰጠኋት። እሷም ስትነካካው አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ከጥፍር የማትበልጥ ማንቆርቆሪያ መዳፍ በማታህል ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ አገኘች። የአሻንጉሊት ቤት ነው። መጋረጃ አለው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለው፣ አልጋው ላይ ትራስ አለው። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት፤ አንድ ነገር ከፈለገች እስክታገኘው ድረስ ለሰው ፋታ አትሰጥም። ቁርስ ላይ ስለ ቤቱ፣ እራት ላይ ስለ ቤቱ። የጭሮን ገበያ ከላይ እስከ ታች ብዞረው አሻንጉሊቷ እንኳ በስንት መከራ ነው የምትገኘው፤ ቤቷን ማን ያመጣዋል? "እኔው እሠራልሻለሁ" አልኳት፣ ዝም እንድትልልኝ ብቻ።

እኔ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌ ስመደብ "ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ" ብዬ እናቴን አጽናንቼ ነበር የመጣሁት። ይኸው ልጄ እዚሁ ተወልዳ፣ ስትናደድብኝ በኦሮምኛ ትመልስልኛለች። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ትንንሽ ነገር መፈለግ ነው፤ ስለዚህ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔም በቀላሉ አይታለልም። ይህን የምለው ለጉራ ነው። ባለቤቴ ቦርደዴ ስለሚሠራ ከሳምንት መጨረሻ በቀር ቤት የለም፤ "ይሄን ካርቶን ከመንገድ ላይ አንሺልኝ" የሚለኝ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

የፓስታ ካርቶን አንድ ጎኑን ቆርጬ ጣልኩና ቤት አልኩት። ሶፋ ከስፖንጅ ሠራሁ። ቡፌ ከመድኃኒት ፓኮ፣ የአበባ ማስቀመጫ ከእስክርቢቶ ክዳን፣ መጋረጃ ከአሮጌ ሻሽ። ጥቁር ወረቀት ለጥፌ ቴሌቪዥን ሁሉ አስገባሁ። ሲያልቅ ፈቀቅ ብዬ አየሁትና ራሴን አደነቅሁ። የልጄ አሻንጉሊት ብቻ አልገባችም፤ እግሯን ብናጥፈውም ጭንቅላቷ ከጣሪያው በላይ ቀረ። የባለቤቷን ቁመት ሳልለካ ቤት መሥራቴን ልጄ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

አከራዬ ቤታቸው ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በዕድሜ የገፉ የበደሳ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያለነው እሳቸውና እኛ ብቻ ነን። እኔ "አዴ" እላቸዋለሁ፣ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት እንደምትጠራው። አማርኛቸው እንደ እኔው ነው፤ ሲቆጡ ብቻ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። ያን ዕለት አሱርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት፣ ሰግደው ሲወጡ በራፌ ላይ ቆመው ካርቶኑን አዩት። ጎንበስ ብለውም አዩት። እኔ ምርቃት እየጠበቅሁ ነው።

"እነዚህ ሰዎች ዘመድ የላቸውም?" አሉኝ።

"እንዴት አዴ?"

"ግድግዳው ራቁቱን ነዋ። ሰው ያለው ሰው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።"

ከዚያ አስረዱኝ። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር የሴት ቤት የሚታወቀው በግድግዳው ነው። ስታገባ እናቷና አክስቶቿ፣ ጎረቤቶቿም የሚሰጧት ሳህንና ስፌት ሁሉ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ስትወልድ ይጨመራል፣ ልጅ ስትድርም ይጨመራል። እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ ያይና ይህቺ ሴት ማን ማን እንዳላት ያውቃል። የእኔ ሶፋና ቡፌ ለእሳቸው የሆቴል ክፍል ነው የመሰላቸው። "የእናቴን ግድግዳ ብታዪው ኖሮ" አሉና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔ ሰው ሲያርመኝ አልወድም፤ በተለይ ትክክል ሆኖ ሲያርመኝ። እራት እስክንበላ ድረስ ለብቻዬ ሳጉረመርም ቆየሁ። በማግስቱ ግን ሥራ ቦታ ክዳን መሰብሰብ ጀመርኩ። የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ላይ፣ ከቆርቆሮዋ በላይ የምትቀመጥ ክብ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ ነርሶቹ በአውራ ጣታቸው ነቅለው ይጥሏታል። መድኃኒትም ደምም አይነካትም። ቀይ አለች፣ ሰማያዊ አለች፣ አረንጓዴም ብርቱካናማም አለች፤ ገልበጥ ሲያደርጓት ጠርዝ ያላት ሳህን ናት፣ ቁርጥ። አጥቤ አደረቅኋቸውና በስንጥር ጫፍ የጥፍር ቀለም እየነከርኩ መሃላቸው ላይ አበባ ሣልኩባቸው። አንዷን አዴ መዳፍ ላይ ሳስቀምጥላቸው ወደ ዓይናቸው አስጠጓትና ጠርዟን በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይቺን እናቴ ለዒድ ብቻ ነበር የምታወርዳት" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የልጄ መሆኑ ቀረ። ሶፋው ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ተባረረ፣ የፓስታው ካርቶን የአዴ እናት የበደሳ ቤት ሆነ። አዴ እየነገሩኝ እኔ እሠራለሁ። ግድግዳውን ቀይ አፈር ከዱቄት ሙጫ ጋር ለውሼ መረግሁት። ሰው የሚቀመጥበትን መደብ በወፍራም ካርቶን ደራርቤ ሠርቼ እሱንም መረግሁት። ለጣሪያው ማገር የሚሆን ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት አጥቼ ስቸገር አዴ ሳቁብኝና ጎረቤት ቤት ሄደው ቅጠሉ የተቃመ የጫት እንጨት ታቅፈው መጡ። "ጭሮ ተቀምጠሽ እንጨት አጣሁ ትያለሽ?" አሉኝ። ሰሌኑን ከማዳበሪያ ጆንያ ክር እየመዘዝኩ ጎነጎንኩት። ልጄ "አትንኪው፣ አልደረቀም" መባል ሲሰለቻት ውጭ ወጥታ ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ጀመረች፤ በሳምንቱ ቤቱን ጨርሳ ረሳችው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ልጅ ያቦካውን ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተቀምጠው ይጋግሩት ነበር።

በአንድ ነገር ብቻ ተጣላን። ከቢጫ ሳሙና የቀረጽኩት ጀሪካን ነበረኝ፤ እጀታው ሳይቀር፣ ክዳኑ ሳይቀር። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አዴ "እናቴ ጀሪካን ቤት አታስገባም ነበር፣ ውሃዋ በእንስራ ነው" ብለው በሁለት ጣታቸው አንስተው አወጡት። ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። ከዚያ እንስራውን ከሸክላ አፈር ሠራሁና ጀሪካኑን ከካርቶኑ ውጭ፣ በራፉ ላይ አቆምኩት። ግቢው ደግሞ የእኔ ነው።

"አዴ፣ ለምን በደሳ ሄደን ቤቱን አናየውም? ቅርብ አይደለም እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ቤቱ የለም። እናቴ ስትሞት የሚኖርበት ጠፋ፣ ዝናብ ጣሪያውን በላው። አሁን ሌላ ሰው ሱቅ ሠርቶበታል።"

"ታዲያ የሚያስታውሰው ሌላ ሰው የለም?"

ስፌታቸውን ቀጠሉ። አዴ በመርፌና በክር የባቄላ ፍሬ የሚያህል ክዳን ያለው ሙዳይ እየሰፉ ነበር፤ ያንን እኔ በማይክሮስኮፕም አልሰፋውም። "እህት አለችኝ። ታላቄ ናት። መቻራ ነው ያለችው" አሉ። ከዚያ ነገሩኝ።

እናታቸው በድንገት ታመው በተኙ ጊዜ ታላቋ እህት ቀድመው ደርሰው ያስታምሙ ነበር። አዴ መልእክቱ ደርሷቸው ከጭሮ ሲነሱ ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። በደሳ ሲገቡ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ አገኟቸው። "በእኛ ሃይማኖት ሬሳ አያድርም። ይሄን ከማንም በላይ አውቃለሁ" አሉኝ። "ግን ፊቷን ሳላይ ወሰዷት። ለእህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተናግሬያት አላውቅም። እሷም ደንግጣ እንደሆነ፣ ንቃኝ እንደሆነ እንጃ፣ ያን ዕለት ፊቷን አዞረችብኝ፣ እንዳዞረች ቀረች።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። የመቻራን መንገድ ታውቂዋለሽ። ከሁለት አንዳችን ስንሞት ሌላዋ መቼም አትደርስም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አይደውሉላቸውም?"

"ታላቅ እሷ ናት። እሷ ትደውል።"

እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል? እኔም ግትር ስለሆንኩ ገባኝ፤ ስለገባኝም አዘንኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ የመቻራን ላቦራቶሪ እንድደግፍ ተላክሁ። ልወጣ ስል አዴ በር ላይ ጠበቁኝ። "ሰላምታ እንዳትዪልኝ" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ከሻርፓቸው ጫፍ የክብሪት ቀፎ ፈትተው እጄ ውስጥ ከተቱት። በጥጥ የተጠቀለለች፣ ቀይ አበባ ያላት ሰማያዊ ሳህን ነበረች። "ብታሳያት ግን አልከለክልሽም።"

ታላቋን እህት ልጃቸው ቡና በሚነግድበት መጋዘን ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከአዴ ረዘም ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። የመጣሁት ከጭሮ፣ ከእህታቸው ግቢ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። የክብሪቱን ቀፎ ሲከፍቱ ግን እጃቸው ቀስ አለ። ስለ ካርቶኑ ቤት ነገርኳቸው። 

"የትኛው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው?" አሉኝ።

"ሲገቡ በስተቀኝ ባለው።"

"ሱብሃነላህ። በስተግራ ነው። አበባውም ቢጫ ነበር፤ ቀይ ያለበት የአክስታችን ሳህን ነው። ዶክተር፣ አንቺ ተሳስተሽ አይደለም፣ እሷ ናት ተሳስታ የነገረችሽ።" እዚህ የጤና ሠራተኛ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም ማስተባበል ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

በማግስቱ ልነሳ ስል ያንኑ የክብሪት ቀፎ መለሱልኝ። ውስጡ ከሣር የታሰረች፣ ከክብሪት እንጨት የማትረዝም መጥረጊያ ነበረች። "ቤት ሠርታችሁ መጥረጊያ ረሳችሁ?" አሉኝ። "ማን ላከው ካለችሽ፣ መቻራ ሴት ሁሉ መጥረጊያ ያስራል በያት።"

አዴ መጥረጊያዋን ሲያዩ ማን ላከው ብለው አልጠየቁም። በራፉ ጥግ አቆሟትና አስተሳሰሯን አየት አድርገው፣ "ድሮም ማሰር አትችልም" አሉ። ከዚያ ወጥተው ገበያ ሄደው ክር ገዝተው መጡ።

እንዲህ ሆኖ የክብሪት ቀፎ ንግድ ተጀመረ። እኛ ሰፈር የሚያድር የመቻራ መኪና ሹፌር አለ፤ ጠዋት ሲሄድ ቀፎ ይወስዳል፣ ሲመለስ ቀፎ ያመጣል። አዴ የባቄላ ፍሬ የምታህለዋን ሙዳይ ላኩ። ክዳኗ ላይ የነበረው ቀይ ክር ተፈትቶ በጥቁር ተሰፍቶ ተመለሰች። አዴ ጥቁሩን ፈትተው በቀይ ሰፉት። ታላቋ በጤፍ የተሞላች፣ አፏ የተሰፋ የቡና ጆንያ ላኩ፤ አዴ "እናታችን ጆንያውን መደብ ሥር ነበር የምታስቀምጠው፣ ይሄኛው አይገባም፣ ወፍሯል" ብለው ግማሹን ጤፍ አራግፈው ለዶሮ ሰጡት። ሳህኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ግድግዳዬ ተቦዳደሰ። እኔ የምረገው ግድግዳ፣ እነሱ የሚጣሉበት። ሹፌሩ እንኳ ዝም ብሎ ማየት አቃተውና ለፋኖስ የሚሆን የተቃጠለ የእጅ ባትሪ አምፖል ይዞ መጣ፤ በቀጭን ሽቦ ማንጠልጠያ ሠርቼለት ከማገሩ ላይ ሰቀልኩት። ፋኖሱን ሁለቱም አልተቃወሙትም።

ችግሩ የቃል መልእክቱ ነበር። ሹፌሩ ደግ ሰው ስለሆነ መልእክቱን በመንገድ ላይ ያለሰልሰዋል። አንድ ቀን አዴ በር ላይ ቆሞ፣ "እህትሽ ሰላም ብላለች፣ ምናልባት ረስተሽ ይሆናል ትላለች" አላቸው።

"ወላሂ፣ ይሄ ከእህቴ አፍ አይወጣም። በዱጋ ምን አለች?" አሉት፤ በእውነት ማለታቸው ነው።

ሹፌሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። "ውሸታም ብላለች" አለ።

"አዎ። እሷ ናት" አሉ አዴ፣ ደስ ብሏቸው ገቡ።

የቀረው አልጋው ነበር። ሐኪም ጉሮሮ ሲያይ ምላስ ከሚጫንበት እንጨት ቋሚና አግዳሚውን ሠርቼ፣ ሰም ባስነካሁት ክር ጠፈርኩት፤ ፍራሽ ሰፋሁለት፣ ከአበባማ ጨርቅ ትራስ ሠራሁለት። ለሙዳይ ክዳን ሳምንት የሚጨቃጨቁት አዴ ግን አልጋውን ይዤ የት ላድርገው ስላቸው ፊታቸውን ወደ ስፌታቸው መለሱ።

"ድሮ ጓዳ ነበር። ስትታመም ወደ ትልቁ ክፍል አውጥተውላታል አሉ። እኔ አላየሁም። አንቺ እንዳማረሽ አድርጊው።"

እኔም እንዳማረኝ አደረግሁት። ትራሱ አምሮብኝ ስለነበር ከፊት እንዲታይ ራስጌውን ወደ ክፍቱ ጎን፣ ግርጌውን ወደ ኋለኛው ግድግዳ አድርጌ አስቀመጥኩት። አዴ ቀደም ብለው አንዲት መስገጃ ሰፍተው መሬቱ ላይ አንጥፈው ነበር፤ የመስገጃዋ ጫፍ የሚያመለክተው ያንኑ የኋለኛውን ግድግዳ ነው። ይህን ያየሁ እንኳ አይመስለኝም። ፎቶ አንስቼ መቻራ ወደ ታላቋ እህት ልጅ ስልክ ላክሁ፤ እናቱን ያሳያቸዋል።

አዴ መጥተው ቤቱን አዩ። አልጋውን አዩ። መስገጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

"ፎቶውን ላክሽው?"

"ልኬዋለሁ።"

"ቆንጆ ነው" አሉና ወጡ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ቤቱ ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ነገር ቆንጆ ነው ብለው አያውቁም።

በማግስቱ ለምሳ ገብቼ ከልጄ ጋር እየበላን የግቢው በር ተንኳኳ። ሹፌሩ የሰው ቦርሳ ተሸክሞ ገባ። ከኋላው ታላቋ እህት ገቡ፤ ቀሚሳቸው የመንገድ አቧራ ለብሷል። አዴ በራቸው ላይ ቆመዋል። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ ታላቋ፣ ለሁለታችንም ሳይሆን ለግድግዳው። አዴም ለግድግዳው መለሱ። ሹፌሩ ቦርሳውን አስቀምጦ እግሬ አውጪኝ አለ።

"ዶክተር፣ ካርቶኑ የታለ?"

አወጣሁላቸው። በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት።

"የኛን እናት እግሯን ወደ ቂብላ ዘርግተሽ አስተኛሻት?"

ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። በጣታቸው አሳዩኝ። መስገጃው የሚያመለክተው ወደ መካ ነው፤ ሰው የሚሰግደው ወደዚያ ነው፤ ወደዚያ እግር ዘርግቶ መተኛት ለጤነኛ ሰው እንኳ ነውር ነው። እኔ ግን ለትራሱ ብዬ እናታቸውን ግርጌያቸውን ወደዚያ አድርጌያቸዋለሁ። "ሌሊት ሙሉ አልተኛሁ። እናቴ እንዲህ ተኝታ እኔ እንዴት ልተኛ?" አሉኝ።

"አላወቅሁም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። አዝኜም አፍሬም ነበር። ቀና ስል ግን አዴን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ፤ የከንፈራቸው ጫፍ ግን ዝም ማለት አቅቶታል። ያኔ ገባኝ። መስገጃውን በገዛ እጃቸው ያነጠፉ ሴት አልጋው የት እንደዞረ ሳያዩ ቀርተው ነው? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ እኔን ወጥመዱ ላይ ጥሬ አድርገው ነው እህታቸውን ከመቻራ ያመጧቸው። ንድድ አለኝ። አፌን ከፍቼም ነበር፤ አዴ የበራቸውን መቃን ጨምድደው መያዛቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ታላቋ እህት በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ጣታቸውን ወደ ካርቶኑ አስገብተው አልጋውን ቀስ አድርገው አነሱና አግድም አዞሩት። ከዚህ በኋላ የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔም በእነዚህ ዓመታት ጆሮዬ ስለለመደው ሰማሁ።

"እንዲህ ነበረች" አሉ። "ራሷ ወዲህ። በቀኝ ጎኗ አስተኝቻት፣ ፊቷ ወደ ቂብላ። በሩ በስተጀርባዋ ነው። እኔ እዚህ፣ ራስጌዋ ጋ።"

አዴ ከበራቸው ተንቀሳቀሱ። መጥተው ከካርቶኑ ማዶ ተቀመጡ። አልጋውን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ምን አለች?" አሉ። በስንት ዓመት ለእህታቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

ታላቋ ትራሷን በጣታቸው አቃኑ። ልጄ ጉርሻዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ ወደ እኔ ሳብኳትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

"መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር 'መጣች?' ትለኛለች። 'አልመጣችም፣ ትመጣለች' እላታለሁ። ከዚያ ድምፅዋ እየደከመ መጣ፤ አሁንም ትጠይቀኛለች። መጨረሻ ላይ፣ 'መጣች። በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው' አልኳት። በሩ በስተጀርባዋ ስለሆነ አታይም። 'አልሃምዱሊላህ' አለችና ዓይኗን ጨፈነች።" ታላቋ በሻርፓቸው አፋቸውን ያዙ። "እናቴን ዋሽቼ ነው የሸኘኋት። አንቺ ስትገቢ ፊትሽን ማየት አቃተኝ። እስከ ዛሬም አቅቶኝ ነው።"

እኔ ጩኸት የሚመጣ መስሎኝ ልጄን አጥብቄ ያዝኩ። አዴ ግን ተንጠራርተው፣ በካርቶኑ ላይ አልፈው የእህታቸውን እጅ ከአፋቸው ላይ አወረዱና ያዙት። እንባቸው ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

"እንኳን ዋሸሽ" አሉ። "እኔ ደርሼላት ነው የሞተችው ማለት ነው።"